የጣና ጉዞአችን በየት በኩልና በየትኛው ወር ይሁን?

የተፈጥሮ ጥናት ክበባችን በታንኳ ጣናን ተጉዞ፣ ሰው ከማይበዛበት ዳርቻ ሰፍሮ፣ ዓሣ አጥምዶ ለመመለስ ማሰቡን በትምህርት ቤታችን ያልሰማ የለም። አሳቡን መጀመሪያ ከደገፉት አንዱ እኔ ነኝ፤ ዛሬም ደጋፊ ነኝ። የባሕር ዳር ልጅ ተብሎ ሐይቁን ከዳር ቆሞ ከማየት በቀር በላዩ ያልሄደ ተማሪ በየክፍሉ ሞልቷል። ሆኖም በክበቡ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈው የጉዞ መሥመር አልስማማም። ወረቀቱ ለወላጆች ፊርማ ከመላኩና መምህራን አሳባቸውን ከመስጠታቸው በፊት፣ የማልስማማበትን ምክንያት በዚህ መጽሔት ላይ እንድገልጽ ይፈቀድልኝ።

የተለጠፈው መሥመር በአጭሩ እንዲህ ነው። ጉዞው በነሐሴ አጋማሽ ይጀመራል። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ሰሜን ገላጣውን ውሃ ቀጥ ብሎ ሰንጥቆ ጉማራ ወንዝ ወደ ሐይቁ እስከሚገባበት ድረስ ይሄዳል። ይህም በቀጥታ መሥመር እንኳ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ቀን ለመሄጃ፣ ሁለት ቀን ለማጥመጃ፣ ሁለት ቀን ለመመለሻ ተመድቧል። ወሩ የተመረጠው ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ነው፤ ቦታው የተመረጠው ደግሞ በዚያ ወር በዚያ ቦታ ዓሣ እንደ ጉድ ስለሚበዛ ነው። ሁለቱም እውነት ነው። እኔን ያሳሰበኝም ሁለተኛው እውነት መሆኑ ነው።

ዓሣው በነሐሴ ከጉማራ አፍ የሚሰበሰበው እኛን ሊቀበል አይደለም። እኛ ነጭ ዓሣ የምንለው፣ ሊቃውንቱ ላቢዮባርበስ የሚሉት ወገን አለ። ከዚህ ወገን ብዙዎቹ ዓይነቶች በክረምት ወንዞች ሲሞሉ ከሐይቁ ወጥተው፣ ወንዙን ሽቅብ እየዋኙ፣ ውሃው ጠርቶ በጠጠር ላይ ወደሚፈስባቸው ገባሮች ደርሰው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ወንዙን ከመውጣታቸው በፊት በአፉ ላይ ተሰብስበው ይቆያሉ። ጓደኞቼ “በእጅ ይያዛል” ያሉት እንግዲህ ይህን ስብሰባ ነው፤ በሌላ አነጋገር ሆዷ እንቁላል የሞላ እናት ዓሣ ልናጠምድ ነው ማለት ነው።

ይህ ወገን እንደ ማንኛውም ዓሣ ቢሆን እንኳ ነገሩ ባሳዘነ ነበር። ነገር ግን ከእነዚህ ዓይነቶች ዐሥራ አምስት ያህሉ ከጣናና ከገባሮቹ በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኙም። ጢስ ዓባይ ላይ ያለው አርባ ሜትር ያህል የሚወርድ ፏፏቴ ከበታች ያለው ዓሣ ሽቅብ እንዳይወጣ አጥር ሆኖ ስለ ኖረ፣ የጣና ዓሣ ለብቻው ተዘግቶ በመልክና በአመጋገብ ልዩ ልዩ ዓይነት ሆኗል። ናግልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የሆላንድ ሊቃውንት እነዚህን ዓይነቶች ለይተው ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 በሞተር ጀልባና በመረብ የሚሠራ ማጥመድ በሐይቁ ላይ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ፣ በባሕር ዳር በኩል ባለው የሐይቁ ወሽመጥ የተደረገው ጥናት የዚህ ወገን ዓሣ ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። አጥኚዎቹ ከምክንያቶቹ የቈጠሩት ለመራባት ወደ ወንዝ የሚሄደው ዓሣ ከወንዞቹ አፍ በመረብ መያዙንና በወንዞቹ ውስጥ በብርብራ ፍሬ መመረዙን ነው። እኛም በደብተራችን ላይ የተፈጥሮ ጥናት ክበብ ብለን ጽፈን በዚያው ወር ወደዚያው አፍ ልንሄድ ነው!

ዐሥር ተማሪ በሁለት ቀን ምን ያህል ይጎዳል? የሚለኝ አለ። በቍጥር ጥቂት ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ዓሣ አጥማጁ የሚያጠምደው ልጆቹን ለማብላት ነው፣ እኛ የምናጠምደው ለጨዋታ ነው። በሌላ ቀን ይኸው ክበብ ወደ አጥማጆቹ መንደር ሄዶ “በክረምት ከወንዝ አፍ ራቁ” ብሎ ቢያስተምር፣ አጥማጁ “ባለፈው ነሐሴ ከአጠገቤ የነበራችሁት እናንተ አይደላችሁምን?” ቢለን መልሱን ማን ይሰጣል?

ስለ ዓሣው ይህን ያህል ካልሁ፣ ስለ ሰዎቹ ደግሞ ልናገር፤ ወላጆችን ይበልጥ የሚያሳስባቸው ይህኛው ሳይሆን አይቀርም። ጉማራና ርብ በክረምት ሲሞሉ የፎገራ ሜዳ በጎርፍ ይሸፈናል። በካርታው ላይ የሐይቁ ዳር ተብሎ የተሰመረው መሥመር በነሐሴ በቦታው አይገኝም፤ ውሃና ሜዳ አንድ ሆነው ሣሩ በውሃ ውስጥ ይቆማል። በተለጠፈው ወረቀት ላይ በጉማራ አፍ አጠገብ የተሣለችው ትንሽ ድንኳን በምን ላይ እንደምትተከል እኔ አላውቅም፤ የሣላትም ጓደኛዬ አያውቅም። ጉማሬም ከወንዝ አፍ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መታየቱ የታወቀው እምቦጭም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ በኩል በርትቷል፤ ነፋስ ሲገፋው ደግሞ ትናንት ክፍት የነበረውን መግቢያ ዛሬ ይዘጋዋል። ሞተር ያለው ጀልባ እንኳ የሚቸገርበትን መቅዘፊያ የያዘ ተማሪ እንዴት አድርጎ ያልፈዋል?

ስለ ታንኳዋ ራሷም በወረቀቱ ላይ አንድ ቃል አልተጻፈም። በሐይቁ ዳር ደንገል እያሰሩ ታንኳ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄጄ፣ “አባባ፣ ታንኳ በቀን ምን ያህል መንገድ ትሄዳለች?” ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም እጃቸውን ከሥራው ሳያነሡ፣ “ልጄ፣ ማታ ማታ ምን ላይ ልታደርቋት አስባችኋል?” ብለው መልሰው ጠየቁኝ። ቀጥለውም አስረዱኝ። ደንገል በውሃ ላይ በቆየ ቍጥር ውሃ ይጠጣል፤ የጠጣች ታንኳ ትከብዳለች፣ ዝቅ ብላም ትንሳፈፋለች፤ ስለዚህ ከውሃ ወጥታ በደረቅ መሬት ላይ ቆማ ፀሐይና ነፋስ ሊያገኛት ይገባል። በነሐሴ ደረቅ መሬትም ፀሐይም የለም። ይህን የሰማሁ ዕለት ማታ የክበቡን ካርታ አውጥቼ እንደገና ባየው ጊዜ፣ ኪሎ ሜትሩ ሁሉ ከንቱ ሆኖ ታየኝ። የታንኳ መንገድ የሚለካው ከአንዱ ማድረቂያ እስከ ሌላው ማድረቂያ ነውና።

ሽማግሌው የነገሩኝ ሌላው ነገር የነፋሱን ጠባይ ነው። ጣና ጠዋት ፀጥ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣና ማዕበል ይሆናል። አጥማጆቹ ጎሕ ሳይቀድ የሚወጡት ስለዚህ ነው። እንግዲህ አንዲት ታንኳ በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር ብትሄድና ከንጋቱ 12 ሰዓት ብትነሣ፣ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት የምትጓዘው ዐሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ የሚበልጥ የቀን መንገድ በወረቀት ላይ መጻፍ የተማሪን ነፍስ ለነፋስ መስጠት ነው።

በበኩሌ የማቀርበው መሥመር በምዕራቡ ዳርቻ በኩል ነው፤ ወሩም ጥር። የመጀመሪያው ቀን ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ ይሁን፤ ከዐሥር ኪሎ ሜትር ጥቂት ስለሚበልጥ ቀትር ሳይሆን ይደረሳል። በማግሥቱ ማንም አይቅዘፍ። ታንኳዎቹ ይድረቁ፣ የታመመ ክንድም ይረፍ፤ ተጓዡም በቡናው ጫካ ውስጥ አልፎ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች ይይ። ከዚያ በኋላ ዳርቻውን ሳይለቁ በቀን ከዐሥራ ሁለት እስከ ዐሥራ አምስት ኪሎ ሜትር እየሄዱ፣ ከቀትር በፊት ሰው ካለበት መንደር እየወረዱ፣ የግልገል ዓባይን አፍ በሩቁ ዞረው ወደ ቁንዝላ መድረስ ይቻላል። ማጥመጃው ከቁንዝላ ወዲህ ባለው ጸጥተኛ ዳርቻ ይሁን። የሚያዘውም በአብዛኛው ቀረሶና አምባዛ ይሆናል፤ በመንጠቆ እንጂ በመረብ አይደለም። መመለሻው በዱርቤቴ በኩል በመኪና ይሁን። ታንኳዎቹን ባለቤቶቻቸው አድርቀው በጊዜያቸው ይመልሷቸዋል፤ የዚያም ቀን ዋጋ ከአሁኑ በሒሳቡ ይግባ።

ከዘጌ ወደ ደቅ ደሴት ለምን አንሻገርም? የሚሉ አሉ። ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ገላጣ ውሃ ነው፤ ከላይ ያስቀመጥሁትን የሰዓት ሒሳብ ያንብቡ። ደሴቶቹን በሚመለከት ደግሞ ወንዶቹ ጓደኞቼ የዘነጉት ነገር አለ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ናቸው። ከክበቡ አባላት እኩሌታው ሴቶች ስለሆኑ፣ እነዚህን ቦታዎች የዕረፍት ወደብ አድርጎ መቍጠር አይገባም። ማዕበል ቢነሣ ወንዶቹ ከዛፍ ጥላ ሲያርፉ እኅቶቻችን በታንኳ ላይ ሊጠብቁን ነውን?

ዳር ይዞ መሄድ የፈሪ መንገድ ነው ብሎ የቀለደብኝም አልጠፋም። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ቺዝማን ጣናን ያጠናው ዳርቻውን ዞሮ፣ ወደ ደሴቶቹም በታንኳ ተሻግሮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመው መጽሐፉም ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ነው። ሐይቁን በጉልበት ሰንጥቆ ያለፈ ሰው ያየው ውሃ ብቻ ነው።

ስለ ጤናና ስለ ደኅንነት ብዙ አልልም፤ የሚደረገው የታወቀ ነው። የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለእያንዳንዱ ሰው፣ አንድ የሞተር ጀልባ በቅርብ ርቀት፣ የፈላ ውሃ፣ አጎበር። በሐይቁ ዳር ቢልሃርዝያ ስላለ በባዶ እግር ውሃ ውስጥ መንቦራጨቅ አይገባም። ወላጆች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት የመንገዱን ሰላም ነው፤ መጠየቅም ይገባቸዋል። የየመንደሩ ሽማግሎችና ሹማምንት “መንገዱ ሰላም ነው፣ ኑ” ብለው ቃል ሳይልኩ አንድም ታንኳ ከወደብ አይነሣ፤ በጥር ሰላም ካልሆነ ለሚቀጥለው ጥር ይቆይ።

ታንኳ በመሥራት የታወቁት የነገደ ወይጦ ባለሙያዎች በሒሳቡ ላይ “ቀዛፊ፣ የቀን ሠራተኛ” ተብለው ተጽፈው አየሁ። ይህ ይስተካከል። ነፋሱን፣ ማድረቂያውን፣ የጉማሬውን መንገድ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ “ዛሬ አንሄድም” ካሉ መሪው መምህርም ቢሆን መታዘዝ አለበት። ለዚህ ሥልጣን የሚገባ ደመወዝ ይቈረጥላቸው፤ የቂጣውና የሽሮው ወጪ ተቀንሶም ቢሆን ይሁን።

የጥሩ አሳብ ዋና ችግር ሁለት ነው። አንደኛ፣ የግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ለዘጠኝ ቀን ጉዞ ላይበቃ ይችላል፤ የጎደለውን ቀን ርእሰ መምህራችን እንዲፈቅዱልን ክበቡ በደብዳቤ ይለምን። ሁለተኛው ይከብዳል። በሚመጣው ጥር እኛ የዘንድሮ ዐሥራ ሁለተኞች እዚህ ትምህርት ቤት የለንም። ነሐሴ ያሉት ጓደኞቼ ዓሣውን ጠልተው ወይም ጎርፉን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ያሰቡት ጉዞ ሳይሆን ሊቀር ስለሆነ ነው። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ፤ መቅዘፊያ የሚሆነኝን ቀርከሃ ገዝቼ በቤታችን ጣሪያ ሥር አስቀምጫለሁ። ቢሆንም ጉዞው ለዐሥራ አንደኞች ይተላለፍ እላለሁ። ለእኛ ከፈተናው በኋላ ያለ መረብና ያለ መንጠቆ፣ በሞተር ጀልባ፣ አንድ ቀን እስከ ዘጌ ደርሶ መመለስ ይበቃናል።

የነፋሱን ሰዓትና የማድረቂያ ቦታዎቹን ሽማግሌው እንደ ነገሩኝ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ አስፍሬዋለሁ። ወረቀቱ በቤተ መጻሕፍቱ ከካርታዎቹ መሳቢያ ውስጥ አለ። ቀርከሃውንም የሚፈልግ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ካለ ይጠይቀኝ፤ ርዝመቱ ለረጅም ሰው ነው።