ለቪትዝህ ጫማ ስትገዛላት ቁጥሯን ጠይቅ

ዛሬ ጸብ ፈልጌ ነው የመጣሁት። በተለይ ከእናንተ፣ ከድሮ ተማሪዎቼ ጋር። ከደሴ ኩታበር በሰፋፊ ጎማ የምትበሩትን፣ ቪትዝን "ስፖርት መኪና" ያደረጋችኋትን ማለቴ ነው።

"ቲቸር መኪና ስለሌለው ቀንቶ ነው" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ የለኝም። በመምህር ደሞዝ እንኳን መኪናውን ቸርኬውንም አልገዛ። ግን ባለፈው ክረምት ከእነዚህ ቪትዞች በአንዷ ውስጥ ነበርኩ።

የድሮ ተማሪዬ ነው። ደሴ አገኘኝና "ቲቸር፣ ይግቡ ላድርስዎት" አለኝ። መኪናዋ እህቱ ጂዳ ሰው ቤት ሠርታ በላከችው ብር የተገዛች ናት። እናቱ ከፊት፣ እኛ ሦስታችን ከኋላ። ቦሩ ሜዳን አልፈን አንድ ኩርባ ላይ ከኋላ "ጭርርር" የሚል ድምፅ ሰማሁ። "ምንድነው?" ስለው፣ "ጎማው ፓራፋንጎ እየነካ ነው፣ ሰው ሲበዛ ነው እንጂ ችግር የለውም" አለኝ እየሳቀ።

ብዙ አልሄድንም፣ ጎማው ፈነዳ። መኪናዋ ዞራ ቦይ ውስጥ ገባች። ወደ ቦዩ ባትዞር ኖሮ በሌላ በኩል ገደል ነበር። አላህ አተረፈን። እናትየው ግን ሁለት ሳምንት አንገታቸውን ማዞር አቅቷቸው ነበር።

ቤቴ ገብቼ እስክሪብቶ አነሳሁ። አብራችሁኝ ቁጠሩ፣ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

ባለ 13 ቸርኬዋ ቪትዝ ከፋብሪካ ስትወጣ ጎማዋ 155/80/13 ነው። 155 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 80 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 13 ቸርኬው በኢንች። ጎኑ 124 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከላይም ከታችም ስላለ 248። ቸርኬው 330። ድምሩ 578 ሚሊ ሜትር።

ልጁ የገጠመው 195/65/15 ነው። ተመሳሳዩን ሒሳብ ሥሩ፣ 634 ይመጣል። ለምን ይሄን መረጥክ ስለው "ብዙ ኮሮላ የሚያደርገው ስለሆነ ያገለገለው በርካሽ ይገኛል" አለኝ። ርካሽነቱን አየ፣ ቁመቱን አላየም። በቁመት 56 ሚሊ ሜትር፣ በስፋት 40 ሚሊ ሜትር የጨመረ ጎማ የት ይግባ? ሰው ሲሞላና ሞላው ሲወርድ ፓራፋንጎው ይበላዋል፤ የተበላ ጎማ ደግሞ አንድ ቀን ይፈነዳል።

ይሄ ብቻ አይደለም። የፍጥነት ቆጣሪው የሚያውቀው የዱሮውን ጎማ ዙር ነው። ቆጣሪው 60 ሲልህ አንተ ወደ 66 እየሄድክ ነው። ፍጥነት በአሥር በመቶ ሲጨምር የመቆሚያ ርቀት በሃያ በመቶ ገደማ ይረዝማል። እስቲ ይሄን ይዘህ ሃረጎን ወደ ኮምቦልቻ ውረድ! ሽቅቡ ላይ ደግሞ ጎማው ስለተለቀ ሞተሩ ይደክማል። የአንድ ሊትር ሞተር በዚህ በእኛ ደጋ፣ አየሩ በሳሳበት፣ ጉልበቱን ሩብ ያህል አጥቶ ነው የሚሠራው። በእዳ ላይ ሌላ እዳ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል ይሄ ነው።

"ሰፊ ጎማ መንገድ ይቆነጥጣል" ትሉኛላችሁ። አዲስ ከሆነና ደረቅ መንገድ ላይ ከሆነ እሺ። ጥርሱ ያለቀ ሰፊ ጎማ ግን ዝናብ ላይ ከጠባቡ ቀድሞ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። የእኛ አገር ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

በጌጥ ላይ አይደለሁም። የወሎ ልጅ ሆኜ ጌጥ አልጠላም። አባቶቻችን ፈረስ ይሸልሙ ነበር፤ ግን ኮርቻውንና ግላሱን ያሳመረ ሰው ሰኮናውን ሳያይ አይነሳም። ደግሞ እናንተ ላይ ብቻ አልፈርድም። በ2012 በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ ግብር ተቆለለ፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከለከለ። አዲስ መቀየር የማይችል ሰው ያለችውን ቢያሳምር ምን ይገርማል?

ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ርካሽ ጥሩ ነገር አለ፣ ርካሽ ገዳይ ነገር አለ። ለመለየት ሀብታም መሆን አያስፈልግም፤ ማንበብ ይበቃል።

ቪትዝህ ላይ 175/65/14 ግጠም፤ ቁመቱ 583 ነው፣ ከፋብሪካው ጋር ያው ነው። የግድ 15 ካልክ 195/50 አለልህ፤ 576 ይመጣል። ሻጩን የቸርኬውን የመሀል ቀዳዳ ጠይቀው። የቪትዝ 54.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ "ለሁሉም ይሆናል" የሚሉት ርካሹ ቸርኬ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይሰፋል። ማጥበቂያ ቀለበት ካልገባበት መሀሉን የሚይዘው ዳዶው ብቻ ይሆንና መሪው ይንቀጠቀጣል። ያገለገለ ጎማ ስትገዛ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች አንብብ፤ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከሁሉም በፊት ግን ፍሬንህን አስጠግን። ቸርኬ አያቆምህም።

ሻጮችም ስሙ። "ይሆናል፣ ይገባል" ብላችሁ የምትሸኙት ልጅ ከኋላው እናቱን ጭኖ ነው የሚሄደው። ሜትር አውጥቶ መለካት ሁለት ደቂቃ ነው።

በመጨረሻ የራሴን ልናገር። ያንን ልጅ የክብ ዙሪያ ፓይ ሲባዛ ዲያሜትር ነው ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ፈተናውንም በደንብ ነው የሠራው። ክቡ ሰሌዳ ላይ እንጂ መኪናው ሥር እንዳለ ግን አልነገርኩትም። ዘንድሮ ያንን ምዕራፍ ስጀምር ተማሪዎቼን መንገድ ዳር አውጥቼ የቆመ ባጃጅ ጎማ አስለካቸዋለሁ።

እናንተ ደግሞ ዛሬ ወጥታችሁ የጎማችሁን ቁጥር አንብቡና ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ሒሳቡን አብረን እንሠራለን። ነጥብ አልቆርጥም።