ከጥቅምት ዝናብ በፊት ለእኩዮቼ

እኩዮቼ ሆይ፣ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐዩ በቲቤር ሸለቆ ላይ በተዘረጋበት በዚህ ወቅት ስለ ዝናብ የሚያወራ ሽማግሌ እንደማያስደስት አውቃለሁ፤ ነገር ግን ዘንቦ ካባራ በኋላ የሚሰጥ ምክር የተናጋሪውን ልብ ያሳርፍ እንደሆነ እንጂ የሰሚውን ንብረት አያድንምና፣ ሳይከፋችሁ እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

ብዙ የሐበሻ ልጅ ከተማችንን ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶን የሚያውቃት በቪያ ቲቤሪና በነበረው የስደተኞች መቀበያ ነው። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ተዘግቶ ሰዉ በየአቅጣጫው ተበተነ፤ መንገዱና ውሃው ግን ከቦታቸው አልተነሱም። ከተማዋ ራሷ ኮረብታ ላይ ስለተቀመጠች ጎርፍ የማይደርስባት ትመስላለች፤ ለሥራ ወደ ሮማ የሚወርድ ሰው ግን በቪያ ፍላሚኒያም ቢሄድ በቪያ ቲቤሪና፣ ሁለቱ በሚገናኙበት በፕሪማ ፖርታ በኩል ያልፋል። ያ ሰፈር እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1965 የሰው ሕይወት ባጠፋ ጎርፍ ተጥለቅልቋል፤ በጃንዋሪ 2014 መጨረሻም አንድ ሌሊት በጣለ ዝናብ እንደገና ተውጦ ሰዎች በጀልባ ወጥተዋል። በሁለቱ መካከል ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው፤ ሰው ለመርሳት የሚበቃው ዘመን ውሃው መንገዱን ለመርሳት አልበቃውም።

በየደጃችን የቆሙት መኪኖች ግን ፋብሪካ እንደሰጣቸው አይደሉም። ልጆቻችን፣ አንዳንዴም እኛው ራሳችን፣ የአየር ፊልትሮውን ሣጥን አስነቅለን ሾጣጣውን ፊልትሮ ከፓራውልቱ ጀርባ፣ ከፊት ጎማው አጠገብ፣ ከመሬት ስንዝር ወይም ሁለት ስንዝር ብቻ ከፍ አድርገን አስገጥመናል። ምክንያቱ አይጠፋኝም፤ ከሞተሩ ሙቀት የራቀ አየር ቀዝቃዛና ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ጉልበት ይጨምራል፣ ድምፁም ለወጣት ጆሮ ያምራል። ያ እንደ ትርፍ ዕቃ ተነቅሎ የተጣለው ጥቁር የፕላስቲክ ሣጥን ግን አፉ ከፍ ብሎ ከኮፈኑ ጠርዝ ሥር የሚከፈተው፣ ቱቦው የሚጠማዘዘው፣ ከታቹም ጠብታ የምትወርድባት ትንሽ ቀዳዳ ያለችው በከንቱ አልነበረም፤ ስለ ዝናብ ብዙ ያሰበ ሰው ነበር የሠራው።

ካፊያውንና ተራውን ዝናብ አይደለም የምፈራው፤ ፊልትሮውን ያረጠበች ጥቂት ጠብታ ከሞተሩ ውስጥ ተንና ትወጣለች። የምፈራው ፊልትሮው የሚሰጥምበትን ቅጽበት ነው። ባለ ሁለት ሊትር ሞተር በደቂቃ 2,000 ዙር ሲሽከረከር እስከ 2,000 ሊትር የሚደርስ አየር ይምጋል፤ አፉ ውሃ ውስጥ ከገባ በዚያው ጉልበት ውሃውን ይስባል። አየር ይጨመቃል፣ ውሃ ግን አይጨመቅም። በእንዲህ ያለ ባለ አራት ሲሊንደር ቤንዚን ሞተር ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከላዩ የሚተርፈው ቦታ፣ የመጭመቂያው ልክ 10 ለ 1 ከሆነ፣ 55 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ በዚያው መጠን በተሠራ የናፍጣ ሞተር፣ ልኩ 17 ለ 1 ሲሆን፣ 31 ብቻ ነው። አንድ ሲኒ ቡና የማይሞላ ውሃ ፒስተኑን በመንገዱ ላይ ያቆመዋል፤ ከታች የሚገፋው ኃይል ግን አይቆምምና፣ በመካከል ያለችው የፒስተኑ ዘንግ፣ ቢየላ፣ ትጎብጣለች።

ከዚህም የሚብሰው ጥፋቱ ሁልጊዜ በዕለቱ የማይታይ መሆኑ ነው። አንድ ወጣት ከባቡር ሐዲድ ሥር በሚያልፍ መንገድ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሞተሩ ጠፋበት፤ ደጋግሞ ሞተሪኖውን መታ፣ በመጨረሻም አስነሳው፣ ደስም አለው፤ ከሳምንታት በኋላ ግን በአውቶስትራዳ ላይ ሳለ ሞተሩ ፈነዳ። ሲፈታ ቆሜ አይቻለሁ። በሞተሩ አካል ጎን ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፍቶ፣ ጠርዙ እንደ ተሰበረ ድንጋይ ተሸርፎ፣ ጥቁር ዘይት ይንጠባጠብበት ነበር። መካኒኩ ያልተሰበረችውን ቢየላ በመስታወት ላይ ሲያስተኛት አንዱ ጫፏ ተነስቶ ወረቀት በሥሯ አለፈ። ያቺም የራሷን ቀን ትጠብቅ ነበር ማለት ነው። ልጁ በሕይወት ወርዷል፤ ነገር ግን የፈሰሰው ዘይት የኋላ ጎማው ሥር ቢገባ፣ ከኋላው በ110 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቤተሰብ ጭኖ የሚመጣ ሰው ቢኖር ምን ይሆን እንደነበር ሳስብ እስካሁን ይጨንቀኛል።

እኛ የደጋ ሰዎች ክረምትን በወሩ እናውቀዋለን፤ ሰኔ ሲገባ እንዘጋጃለን፣ መስከረም ሲጠባ እንፈታለን። በአዲስ አበባም ቢሆን ከቀለበት መንገዱ ድልድዮች ሥር ውሃ የሚተኛበትን ጊዜ አሽከርካሪው አስቀድሞ ያውቃል። እዚህ ግን የበጋው ሙቀት ገና ከአስፋልቱ ሳይወጣ በአንድ ከሰዓት በኋላ የወር ዝናብ ሊወርድ ይችላል፤ በነሐሴ ተገጥሞ በደረቅ መንገድ የተሞከረ ፊልትሮ የመጀመሪያ ፈተናው ያ ቀን ነው። ኮፈኑን ለማቀዝቀዣ ብለው የሚበሱትም እንዲሁ ሊያስቡበት ይገባል፤ በቀዳዳው የሚወርደው ውሃ በካንዴላዎቹ ጉድጓድ ተኝቶ ካንዴላውን ያዝጋል፣ እሳቱንም ያሳጣል። ከሥሩ ውሃውን ወደ ጎን የሚያወርድ ቆርቆሮ ማሰር ብዙ ወጪ የለውም።

ፎሪስትራዳ መኪና ላይ ስኖርክል፣ ከፍ ያለውን የአየር ቱቦ፣ ያቆማችሁም በቁመቱ አትተማመኑ። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የስኖርክሉ አፍ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ከታች ከአንዱ መገጣጠሚያ አየር ይስባል፣ አየር በገባበትም ውሃ ይገባል። በጣሊያን የመንገድ ሕግ አንቀጽ 78 መሠረት የመኪናን አሠራር የሚለውጥ ሥራ በተሽከርካሪ መሥሪያ ቤቱ በሞቶሪዛሲዮኔ መታየት እንዳለበትም አትርሱ።

ውሃ የተኛበት መንገድ ካጋጠማችሁ፣ ጥልቀቱን የማታውቁት ከሆነ ተመለሱ፤ ከፊት የሚመጣ ካሚዮን የሚገፋው ማዕበል ብቻውን ከፊልትሮው በላይ ይደርሳል። ሞተሩ ውሃ ውስጥ ከጠፋ ቁልፉን ዳግመኛ አትንኩ። በካሮ አትሬጺ ይጎተት፣ ካንዴላዎቹ ወይም የናፍጣው ኢንጀክተሮች ወጥተው ሞተሩ በእጅ ይዙር፣ ውሃው ይውጣ፣ ዘይቱ ነጥቶ አረፋ ከያዘ ይለወጥ፣ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግፊትም ይለካ፤ ከሌሎቹ ያነሰ ከተገኘ መኪናው ወደ መንገድ አይመለስ።

ጊዜ ግን አለ። የብዙዎቻችሁ የፋብሪካ ሣጥን በካንቲናችሁ ጥግ አቧራ ጠጥቶ ተቀምጧል፤ የጣላችሁትም ብትሆኑ ከአሮጌ መኪና ሻጮች ዘንድ በትንሽ ገንዘብ ታገኙታላችሁ። መልሶ ማስገጠሙ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሾጣጣው ፊልትሮ በጨርቅ ተጠቅልሎ እስከ ግንቦት ይቀመጥ። ልጆቻችሁ ያኮርፉ ይሆናል፤ ቢያኮርፉም ከጥቅምት በፊት አስገጥሙ።