በቦሌ ሰማይ የሚወለደው ሜዞን

ጃፓናዊው ሊቅ ሂዴኪ ዩካዋ እ.ኤ.አ. በ1935 በአቶም እምብርት ያሉትን ቅንጣቶች አስተሳስሮ የሚይዝ ረቂቅ ህላዌ ሊኖር ይገባል ሲል በሒሳብ የተነበየውን ሜዞን፣ የፊዚክስ ሊቁ ሴሲል ፓወልና ባልደረቦቹ በ1947 ያረጋገጡት ግዙፍ መሣሪያ ገንብተው ሳይሆን፣ የፎቶግራፍ ሰሌዳ በተራራ ላይ አኑረው ከጠፈር የሚወርደውን ጨረር በትዕግሥት በመጠበቅ ነበር። ከተራሮቹ አንዱ የሆነው የፈረንሳዩ ፒክ ዱ ሚዲ 2,877 ሜትር ከፍታ አለው፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከ2,300፣ እንጦጦም ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና፣ እነርሱ ተራራ ወጥተው የፈለጉት ከፍታ ለእኛ መኖሪያችን ነው።

ዩካዋ የተነበየው ሜዞን ዛሬ ፓዮን ይባላል፤ ከጠፈር የመጣ ፕሮቶን ከአየሩ ጋር ሲላተም የሚወለደው ይህ ፓዮን፣ ዕድሜው የሰከንድ 26 ቢሊዮንኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ፈጥኖ ሙዮን ወደተባለ ሌላ ቅንጣት ተለውጦ የገርጂንና የሲኤምሲን ጣሪያዎች ሰንጥቆ ያልፋል።

ከከተማችን ሆኖ ተፈጥሮን በትዕግሥት መመልከት አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲስ አበባ ለምድር መግነጢስ ወገብ ቅርብ መሆኗን የተገነዘቡት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዋን፣ እ.ኤ.አ. በ1957 በተጀመረው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት በያኔው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የምልከታ ጣቢያ አቋቁመዋል። የእርሳቸው ትጋት ለዛሬዎቹ መምህራን አብነት ይሁን እላለሁ፤ የቦሌና የለሚ ኩራ ትምህርት ቤቶች ሙዮን ሲያልፍበት ብልጭ የሚል ፕላስቲክና ብርሃኑን የሚቆጥር መሣሪያ በጣሪያቸው ቢተክሉ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም አንድ የፊዚክስ ሊቅ የልጆቹን መዝገብ በየወሩ ቢመረምርላቸው፣ ሥራው በመጪው መስከረም ሊጀመር ይችላል።