ታርሞ ለወጣው ቦታ አለን?



"ማረም" የሚለውን ቃል ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ገበሬና መምህር ናቸው። ገበሬው ማሳውን የሚያርመው ሰብሉን ሊያጠፋ ሳይሆን እንዲያፈራለት ነው። መምህሩም ፈተናችንን አርሞ ሲመልስልን የሳትነውን በቀይ ያሳየናል እንጂ ከክፍሉ አያባርረንም። ወህኒ ቤት "ማረሚያ ቤት"፣ እስረኛውም "ታራሚ" የተባለው ይኸው ሐሳብ ተይዞ ነው። ታዲያ አንድ ሰው የተፈረደበትን ጨርሶ ሲወጣና መማር ሲፈልግ የት ይሂድ? ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ግቢ ቢደርስስ ከማን አጠገብ ይቀመጥ? በዚህ እትም ልናነሳ የወደድነው ይህን ነው።

እኛ የዚህች አገር ሙስሊሞች ለእስር ቤት ባዳ አይደለንም። የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት በ2004 ዓ.ም. ሲታሰሩ ብዙዎቻችን ገና ቁርአን ቤት የምንመላለስ ልጆች ነበርን። በ2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት ሲፈረድባቸው በየቤታችን የነበረውን ሐዘን፣ የመጨረሻዎቹ በየካቲት 2010 ሲፈቱ ደግሞ የነበረውን ደስታ እናስታውሳለን። "ታስረው ነበር" ብሎ የራቃቸው የለም። ነቢዩላህ ዩሱፍም (ዐ.ሰ) ዓመታትን በወህኒ ቆይተው የወጡት ወደ ግብፅ ግምጃ ቤት ኃላፊነት ነበር። በሐሰት የታሰረ ሰው ክብሩ እንደማይቀንስ ከእምነታችንም ከታሪካችንም ተምረናል።

ይህ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ንጹሕ ሰው ታስሮ ሲወጣ እቅፍ አድርጎ መቀበል ለማንም አይከብድም። የሚከብደው በእርግጥ የሰረቀው፣ በእርግጥ ሰው ያቆሰለው ወጣት ቅጣቱን ጨርሶ በራችን ላይ ሲቆም ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ እርሱ ነው።

ዲናችን ስለ ጥፋተኛውም ዝም አላለም። በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ በበድር የተማረኩት ቁረይሾች ንጹሐን አልነበሩም፤ ሰይፍ መዘው የመጡ ናቸው። ሆኖም ከመካከላቸው ቤዛ የሚከፍሉት ገንዘብ የሌላቸው፣ ግን መጻፍ የሚችሉ ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እነዚህ እያንዳንዳቸው አሥር የመዲና ልጆችን ማንበብና መጻፍ አስተምረው ነፃ እንዲወጡ እንዳደረጉ በሲራ ተምረናል። ከእስር ወደ ነፃነት የሚያሻግረው ድልድይ ትምህርት ሆነ ማለት ነው። ሌላም አለ። መጠጥ ጠጥቶ የተቀጣን ሰው ከተሰበሰቡት አንዱ ሲረግመው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከለከሉ፤ በወንድማችሁ ላይ ሸይጧንን አታግዙት የሚል መልእክት ነበር ያስተላለፉት። ቅጣቱ ተፈጽሟል፤ ከዚያ በላይ ያለው የእኛ ጭማሪ ነው።

ማልኮም ኤክስን በግቢያችን የማያውቀው የለም። እርሱም በሐሰት የተከሰሰ አልነበረም፤ ቤት ሰብሮ በመስረቅ ነው እ.አ.አ በ1946 የታሰረው። ትምህርቱን ያቋረጠው ከ8ኛ ክፍል በኋላ ነው። በእስር ቤት መዝገበ ቃላት እየገለበጠ ጻፈ፤ በኖርፎልክ እስር ቤት ቤተ መጻሕፍት ሌሊቱን ሙሉ አነበበ፤ ክርክር ተለማመደ። ኮሌጅ ገብቶ ያልተማረው ይህ ሰው በ1964፣ ሐጅ ባደረገበት ዓመት፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የክርክር መድረክ ላይ ቆሞ ተናገረ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን በ1952 ሲፈታ የሆነው ነው፦ ዲትሮይት ውስጥ ወንድሙ ቤቱን ከፍቶ፣ ሥራም ይዞለት ጠበቀው። ያነበበው መጽሐፍ ከውስጥ አዘጋጀው፤ የጠበቀው ሰው ደግሞ ከውጭ ያዘው። ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው።

አሁን ወደ እኛው ከተማ እንመለስ። አንድ ወጣት እናስብ። በ2010 ዓ.ም. 10ኛ ክፍልን እንዳጠናቀቀ በአንድ ጠብ ሰው አቁስሎ ታሰረ፤ በ2017 ተፈታ። ሲገባ የነበረው የትምህርት ሥርዓት ሲወጣ የለም። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2011 ከተሰጠ በኋላ ቀርቷል፤ መሰናዶ የሚባለው ነገር ተለውጧል፤ መማሪያ መጽሐፉም ሌላ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የሚሰጥ ሆኗል፤ ለማለፍም ቢያንስ ግማሹን ማምጣት ግድ ነው። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ግማሹን ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከ2016 ወዲህ ደግሞ ከተፈታኞቹ ከፊሉ የሚፈተኑት ኮምፒዩተር ላይ ነው። ሳያቋርጡ የተማሩት እንኳ የወደቁበትን ፈተና ሰባት ዓመት ያቋረጠው በምን ጉልበት ይለፈው?

ፈተናው ብቻ አይደለም። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ነው፤ እርሱ ውስጥ ነበር። ፋይዳ መታወቂያ የሌለው ሰው ዛሬ ባንክ ሒሳብ ለመክፈት ይቸገራል። በቀን ሠርቶ ማታ ልማር ቢል ቀጣሪው ከወንጀል ነፃ የሚል ወረቀትና ተያዥ ይጠይቀዋል፤ ለእርሱ ተያዥ የሚሆን ማን ነው? አልሐምዱሊላህ፣ ይህን ሁሉ አልፎ ግቢ ቢገባስ? አሳይንመንቱ በቴሌግራም ይላካል፤ ክፍሉ በሙሉ ከእርሱ ስድስትና ሰባት ዓመት ያንሳል፤ ዶርም ውስጥ "ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበርክ?" የሚለው ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣል። ሕግ በሩን ከፍቶለት እኛ በዓይናችን ልንዘጋበት እንችላለን።

ሕጉ በእርግጥ ከፍቶለታል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለና የተፈረደበት ሰው ሰብአዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ ያዛል። የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1174/2012 ለታራሚዎች ትምህርትና ሥልጠና እንዲሰጥ ይደነግጋል። የወንጀል ሕጋችን ደግሞ "መሰየም" የሚለው አሠራር አለው። ቅጣቱን ጨርሶ የተወሰነ ጊዜ በመልካም ጠባይ የኖረ ሰው ፍርድ ቤት አመልክቶ የተሻረ መብቱ እንዲመለስለት፣ ጥፋቱም ከመዝገብ እንዲሰረዝለት መጠየቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ በክፋት ያንን ጥፋት እያነሳ የሚነቅፈው ሰው ራሱ ተጠያቂ ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.አ.አ ያጸደቀውና በኔልሰን ማንዴላ ስም የተጠራው ደንብም የእስር ቤት ትምህርት ከአገሪቱ የትምህርት ሥርዓት ጋር እንዲገናኝ፣ ሰውየው ሲወጣም ካቆመበት እንዲቀጥል ይላል። ማንዴላ ራሳቸው የሕግ ዲግሪያቸውን በ1989 ያገኙት እስር ላይ ሆነው በርቀት ተምረው ነው።

እንግዲህ የጎደለው አዋጅ ሳይሆን አዋጁንና ሰውየውን የሚያገናኝ ሰው ነው። በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ይህን ክፍተት የሞላው ራሱ የታሰረ ሰው ነበር። ጆን ኧርዊን በዝርፊያ አምስት ዓመት ታስሮ ወጣ፤ ተማረ፤ የሶሲዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1967 በሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ከእስር የሚወጡ ሰዎች እንዲመዘገቡና እንዲመረቁ የሚያግዝ ፕሮጀክት ሪባውንድ የተባለ አገልግሎት መሠረተ። ዛሬ ሥራው በካሊፎርኒያ ግዛት በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ አለ። መሠረቱ ከባድ ነገር አልነበረም፤ ቅጽ ማስሞላት፣ ትምህርት ማስጠናት፣ የመጀመሪያውን ሴሚስተር አብሮ መዝለቅ ነው።

ይህን እኛም እንችላለን። አንደኛ፣ ለፍሬሽ ተማሪዎች የምንሰጠውን ቱቶሪያል ያህል ለእነዚህም እንስጥ። የኮምቦልቻዎቹ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ሒሳብና ፊዚክስ፣ የደሴዎቹ እንግሊዝኛና ባዮሎጂ ብንካፈል የሐረጎን ቁልቁለት ከመውጣትና ከመውረድ በቀር ወጪው ብዙ አይደለም። ከእስር ለወጡት ቅዳሜና እሁድ ከተማ ውስጥ ማስጠናት ይቻላል። ውስጥ ላሉት ደግሞ በዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ አገልግሎት በኩል ለማረሚያ ቤቱ አስተዳደር ደብዳቤ አቅርበን ፈቃድ እንጠይቅ፤ የተጠቀምንባቸውን መጻሕፍትና የቆዩ ፈተናዎችም እንሰብስብ። ለሴት ታራሚዎች፣ አንዳንዶቹም ሕፃን ይዘው የታሰሩ ናቸውና፣ እህቶቻችን ይቅደሙ።

ሁለተኛ፣ ግቢ ለሚገባው አንድ አንድ ጓደኛ እንመድብ። ፋይዳ የሚያወጣበትን፣ ትራንስክሪፕት የሚያመጣበትን፣ ሬሜዲያል ከሆነም ነጥቡ እንዴት እንደሚያዝ የሚያሳየው፣ ኮምፒዩተር የሚያስነካው ሰው። ዩኒቨርሲቲ የማይመጣለት ከሆነም መንገድ አላለቀም። ደሴ ወይዘሮ ስሕን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለች፤ በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ደግሞ ብየዳና ኤሌክትሪክ የሚችል እጅ ይፈለጋል። በሙያ ጀምሮ ወደ ዲግሪ ማደግም ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ሰትር። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ግን ከሁሉ ይከብዳል። የትኛው ወንድም ከየት እንደመጣ ከጓደኛውና ከአሚሩ ውጭ ማንም ማወቅ የለበትም። "ይሄ እኮ ታስሮ የነበረው ነው" ብሎ ማስተዋወቅ፣ በበጎ ልብ ቢሆን እንኳ፣ እስሩን ግቢ ድረስ መጎተት ነው። እርሱ ራሱ መናገር ከፈለገ የእርሱ ምርጫ ነው።

አራተኛ፣ ለመመዝገቢያ፣ ለትራንስፖርትና ለደብተር ከሰደቃ ሣጥናችን እንመድብ። የዘካ ገንዘብ ለድሃውና ባለዕዳ ለሆነው ታራሚ እንዴት እንደሚውል ሸይኾቻችንን እንጠይቅ።

ሦስት ተቃውሞዎች እንደሚነሱ እናውቃለን፤ ሦስቱም ተገቢ ናቸው። የመጀመሪያው "ለደኅንነታችንስ?" የሚል ነው። የግቢው ሕግ ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚጥሰው ማንም ይሁን ይጠየቃል። ጥንቃቄ በሚያስፈልግበትም ጥንቃቄ ይደረግ፤ ማን ማንን የት እንደሚያስጠና በምክክር ይወሰን። ግን ሥራም ትምህርትም አጥቶ ወደ ድሮ ጓደኞቹ የሚመለስ ሰው ለከተማችን የበለጠ ያሰጋል። ሁለተኛው "ምንም ያላጠፋ ድሃ ተማሪ እያለ?" የሚል ነው። የሚገባው በዚያው ነጥብ ነው፤ የማንንም ወንበር አይነጥቅም። ቱቶሪያልም አንድ ሰው ሲጨመር የሚያልቅ ነገር አይደለም። ገንዘብ ሲሆን ደግሞ መለኪያው ችግር ይሁን፤ የባሰበት ይቅደም።

ሦስተኛው ከባዱ ነው፦ "የተበደለውስ?" በዲናችን የሰው ሐቅ በእስር ብቻ አይወርድም፤ ተውበት የተወሰደን መመለስን፣ የተጎዳን ይቅርታ መጠየቅን ይጨምራል። ደም ባለበት ደግሞ የፍርድ ቤቱ ቅጣት ቢያልቅም ቂሙ ላያልቅ ይችላል፤ ወጣቱም ደብተሩን ይዞ ማታ ለመውጣት ይፈራል። ለዚህ ወሎ የራሱ መድኃኒት አለው፤ አባጋሮቻችንና ሽማግሌዎቻችን ባላጋራን ከባላጋራ ሲያስታርቁ ኖረዋል። የእኛ ድርሻ ጉዳዩን እነርሱ ዘንድ ማድረስ ነው። ደግሞም ተምሮ የሚሠራ ሰው የበደለውን ሊክስ ይችላል፤ ሥራ ፈት ሆኖ የቀረ ግን በምን ይክሳል?

ዩኒቨርሲቲያችን በ2014 በጦርነቱ ተዘርፎና ወድሞ ነበር። ቤተ ሙከራዎቹ ባዶ ቀርተው ነበር፤ ግን "ከእንግዲህ አይሆንም" ተብሎ አልተዘጋም፤ ከየአቅጣጫው እርዳታ መጥቶ ዳግም ቆሟል። ለግንብ የተደረገው ለሰው አይበዛም።

ከዚያም በፊት ቢሆን ይህ አገር የደረሳ አገር ነው። ከጌታ እስከ ዳና ባሉት የዒልም ቦታዎች ከሩቅ የመጣን ደረሳ ሸይኹ ያስቀሩታል፤ መንደርተኛው ያበላዋል። ዒልም ፈልጎ መምጣቱ ይበቃ ነበር። ዛሬ ሙሶላችን አጠገብ የሚቆመው ሰው ከሩቅ አገር ላይሆን ይችላል፤ ከዚሁ ከደሴ፣ ከአንድ ግቢ አጥር ውስጥ የመጣ ሊሆን ይችላል። እርሱም ደረሳ ነው።

በቀጣዩ ሹራ ጉዳዩ በአጀንዳ እንዲያዝ ጠይቀናል። በሳምንት ሁለት ሰዓት ማስጠናት የምትችሉ ወንድሞችና እህቶች የምትችሉትን ትምህርት እየገለጻችሁ ለትምህርት ዘርፍ ስማችሁን አስመዝግቡ። አሥር ሰው ከተገኘ እንጀምራለን፤ ኢንሻአላህ።