አሮጌ መኪና የሚያድስ ቤተ ሰብ

የፎልክስዋገን ፋብሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. በጀርመን አገር በቮልፍስቡርግ ከተማ መሥራት የጀመረው፥ ጐኑ በቆርቆሮ የተዘጋው፥ ሞተሩ ከበስተኋላ ሆኖ በአየር የሚቀዘቅዘው የዕቃ መኪና ዛሬ በየአገሩ በሚወዱት ሰዎች እጅ እየታደሰ የቤተ ሰብ መንሸራሸሪያ ይሆናል። አባት ቆርቆሮውን ሲያቃና፥ እናት የወንበሩን ጨርቅ ስትሰፋ፥ ልጆች ብሎን ሲያቀብሉ ማየት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ልጆች ሊቀርቡት የማይገባ አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም አሮጌውን ቀለም መፋቅ ነው።

በዚያ ዘመን በብዙ የመኪና ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው ማዕድን ይገባ ነበር። ቀለሙ በደረቁ ሲፋቅ ትቢያው በአየር ይበተናል፤ በልብስና በእጅም ተጣብቆ ወደ ቤት ይገባል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጐዳል፤ ጉዳት የማያመጣ መጠኑም እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ስለዚህ አባወራው ለእንዲህ ያለ ትቢያ የተሠራ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጎ፥ ቀለሙን በውሃ እያራሰ ይፋቅ። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴት ከስፍራው ይራቁ። ዝቃጩ በግቢ አይደፋ። ሥራውን የፈጸመ ሰው ሳይታጠብ ልጁን አይቀፍ፤ የሥራ ልብሱም ከቤተ ሰቡ ልብስ ጋራ አይታጠብ።

ለልጆች የሚሆን ሥራ አይታጣም። ብሎኑን በየመጠኑ ለይተው በጣሳ ያኑሩ፤ አዲሱንም ቀለም ከእናታቸው ጋራ ይምረጡ።

መኪናው ለዕቃ ተብሎ የተሠራ ነውና፥ ከወለሉ ጋራ በጽኑ የታሰረ ወንበርና ቀበቶ በዐዋቂ እጅ ሳይገባለት ልጆች በኋላው ክፍል አይሳፈሩ።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፤ መኪናው ሳይታደስ ዓመት ቢቈይ ጉዳት የለውም፤ የልጅ አእምሮ ግን አንድ ጊዜ ከተጐዳ እንደ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ አይቃናም።