«ቡችላ ናት፣ ምን ታመጣለች?»

አዲስ አበባ ያለ አንድ ወዳጄ ለልጆቹ ፑድል ሊገዛ አስቧል። ያ ጸጉሩ የተጠቀለለው የፈረንጅ ውሻ ማለቴ ነው። «ትልቁ ረጋ ያለ ነው፣ ትንሹ ግን ቁጡና ጩኸታም ነው ይላሉ። አንተ ጋዜጠኛ ነህ፣ እስቲ አጣራልኝ» አለኝ። ሳቅኩበት። አገሩ በዚህ ሁሉ ጭንቅ ተወጥሮ እኔ የፑድል ጠባይ ላጣራ?

ማጣራት ስጀምር ግን ሳቄ ጠፋ። ነገሩ ያደግኩበትን መካነ ኢየሱስን የሚነካ ሆኖ አገኘሁት።

መጀመሪያ ስለ ፑድል። መጠኑ ይለያይ እንጂ ዘሩ አንድ ነው። ዓለም አቀፉ የውሻ ፌዴሬሽን በአራት ይከፍለዋል። ትልቁ ቁመቱ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የመጨረሻው ትንሽ ከ28 አይበልጥም። የጥንት ሥራው አዳኝ የመታውን ዳክዬ ዋኝቶ ከውሃ ማውጣት ነበር። በኋላ እያሳነሱ አራቡትና ትንሹ የእቅፍ ውሻ ሆነ። ታዲያ አንዱ ለሥራ፣ ሌላው ለእቅፍ ሲመረጥ ከኖረ መጠነኛ የጠባይ ልዩነት ቢኖር አይገርምም።

ጥያቄው ልዩነቱ ምን ያህሉ ከዘር፣ ምን ያህሉ ከእኛ ነው የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የቪየና ጥናት ከ1,200 በላይ ባለውሾችን ጠይቋል። ትንንሾቹ ውሾች በእርግጥም ይበልጥ ቁጡና የማይታዘዙ ሆነው ተገኙ። ነገር ግን ባለቤቶቻቸውም ዛሬ የከለከሉትን ነገ የሚፈቅዱ፣ ከውሻቸው ጋር ብዙም የማይጫወቱና የማያሠለጥኑት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ከ18,000 በላይ ውሾችን የዳሰሰ የአሜሪካ ጥናት ወጣ። በውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት በዘር የሚገለጸው 9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው ይላል።

እስቲ አስቡት። ትልቅ ውሻ ሲያጉረመርም ቤተሰቡ ሁሉ ይደነግጣል፣ ውሻውም ወዲያው ይገሠጻል። ትንሹ ሲያጉረመርም ግን «ውይ፣ ተናደደ እኮ!» ተብሎ ይሳቅበታል። አንዱ ቁጣ እንደማይፈቀድ ተማረ፤ ሌላው ቁጣ እንደሚያስቅ ተማረ። ከዚያ «ዘሩ ነው» እንላለን።

አሁን ወደ እስቴ ልመለስ። መካነ ኢየሱስ ላይ ፑድል አይቼ አላውቅም። የማውቀው የአገራችንን ውሻ ነው፤ ቀን ታስሮ የሚውለውን፣ ሌሊት ጅብና ሌባ እንዲጠብቅ የሚፈታውን። ልጅ ሆነን ቡችላውን «ኃይለኛ እንዲሆን» ብለን ጨለማ ቤት እንዘጋበት ነበር። በርበሬ የሚያበሉም፣ ጆሮውን የሚቆርጡም ነበሩ። የውሻ ጠባይ አጥኚዎች እንደሚሉት ግን ቡችላ ሰውን የሚለምደው ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ ሦስተኛው ወር ገደማ ባለው ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ የሰው እጅ ያልዳበሰው ውሻ ሲያድግ ሰውን ይፈራል፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ይናከሳል። እኛ ድንጋጤውን ጀግንነት ብለን ስም አወጣንለት።

«ገር ውሻማ ሌባ አይከለክልም» የሚለኝ አይጠፋም። አባቶቻችን ግን «ውሻ በበላበት ይጮሃል» አሉ እንጂ በተደበደበበት ይጮሃል አላሉም። ቤቱን የሚወድ ውሻ እንግዳ ሲመጣ ይጮሃል። የቤቱን ልጅ ግን አይነክስም።

ይህን የምጽፈው ለውሻ አዝኜ ብቻ አይደለም። ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን አንድ የእድሜ እኩያዬን ቡችላ ጣቱን ጫር አደረገችው። አንድ ትልቅ ውሻ ነክሶት ቢሆን ኖሮ ሰፈሩ ሁሉ ይነሣ ነበር። «ቡችላ ናት፣ ምን ታመጣለች?» ተባለና ታለፈ። ቁስሉ በሳምንቱ ጠገገ። ከወር በላይ ቆይቶ ልጁ ውሃ መዋጥ አቃተው። ከዚያ በኋላ የቀረን መቅበር ብቻ ነበር።

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንዲሉ፣ ሞት የገባው እኛ በናቅናት ቀዳዳ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ መጠን አይለይም። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ ሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶው ከውሻ የሚተላለፍ ነው። በእስያና በአፍሪካ ከሚሞቱት መካከል 40 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ከምልክቱ በፊት ግን መዳን ይቻላል። ንክሻም ይሁን ጭረት፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ማጠብና ሳይውሉ ሳያድሩ ክትባት መጀመር ነው። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ እምነቱ ነው። ክትባቱን ግን ለነገ አያሳድር።

ከአካባቢ ውሾች 70 በመቶው ከተከተበ በሽታው መተላለፉ ይቆማል። ስለዚህ ለወረዳችን የምለው አንድ ነው፦ ከብት ሲከተብ ውሻውም ይከተብ። ገበሬው በሬውን ይዞ ሲመጣ ውሻውን በገመድ አስከትሎ ይምጣ። ለወላጆች የምለውም አንድ ነው፦ ልጃችሁ «ውሻ ጫረኝ» ሲላችሁ «ትልቅ ነው ትንሽ?» ብላችሁ አትጠይቁት። ሳሙናውን አንሡ።

ለወዳጄም መልሴን ላክሁለት። «የፈለግከውን ግዛ። ለትልቁ የማትፈቅደውን ለትንሹም አትፍቀድ። ቡችላ ሳለ ከሰው አላምደው፣ አስከትበው፤ ልጆችህንም ሲበላ እንዳይነካኩት አስተምራቸው።» እስካሁን አልገዛም። ቢዘገይ ይሻለዋል፤ ውሻ ከመግዛቱ በፊት የቤቱን ሕግ ያውጣ።