እጅ ያለው ወረቀት የለው፣ ወረቀት ያለው እጅ የለው!

ከቀይ አፈር ወደ ዲመካ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የተሳፈርኩበት ኢሱዙ፣ ያው ሕዝቡ «አልቃይዳ» እያለ የሚጠራው፣ ድንጋይ ዘሎ የናፍጣ ታንኩን በሳበት። ናፍጣው ይንዠቀዠቃል። ሹፌሩ ወርዶ ሥሩን አየና እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኛም ግራር ሥር ተደረደርን።

ይኼኔ ከተሳፋሪው መሐል አሥራ ስምንት ዓመት የሚሆነው ቀጭን ልጅ ብድግ አለና «ሳሙና የያዘ ሰው አለ?» ሲል ጠየቀ። ሰው ሳቀ። «ልትታጠብ ነው እንዴ?» ያለም አልጠፋ። አንዲት ከገበያ የሚመለሱ እናት ከዘንቢላቸው ግማሽ የልብስ ሳሙና አውጥተው ሰጡት። ልጁ ከመኪናው ሥር ገባ። ሳሙናውን እያሸ ቀዳዳው ላይ ጠቀጠቀው፤ በላዩ የካላማዳሪ ቁራጭ ደርቦ በሽቦ ጠፍሮ አሰረው። ናፍጣው ቆመ። ዲመካ ገባን።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ይኼ ልጅ መካኒክ ነው አይደለም? እንደኔና እንደርስዎ ከሆነ ነው። እንደ መንግሥት ወረቀት ከሆነ ግን አይደለም። ትምህርቱን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጦ ጂንካ ውስጥ አንድ ጋራዥ በረዳትነት ከገባ አራት ዓመቱ ነው። «ለምን ኮሌጅ አትገባም?» አልኩት። «ጋሼ፣ በሰባተኛ ክፍል ማን ያስገባኛል?» አለኝ። «ሲኦሲስ ለምን አትፈተንም?» ብለው ደግሞ «እሱማ ለተማሩት ነው» አለና ዘይቱን በሱሪው ጠረገ።

ጂንካ ስመለስ ሌላ ልጅ አገኘሁ። ይኼኛው ወረቀት አለው። በአውቶሞቲቭ ሙያ ተመርቋል፤ ደረጃ 3 የሚል ሰርተፊኬት አለው። የተማረው ጂንካ አይደለም፣ ሌላ ከተማ ነው። የኮሌጁን ስም አላነሳም፤ በሽታው የአንድ ግቢ በሽታ አይደለምና። «እንዴት ተማራችሁ?» አልኩት። «አንዱን ሞተር ሃያ አምስት ሆነን ከበን እናየው ነበር» አለኝ። ሞተሩ ብረት መቆሚያ ላይ ተቀምጧል። መኪና ላይ አይደለም። ሥልጠናው እስኪያልቅ ድረስ ሲነሳ ድምፁን አልሰማም። «መምህራችን ጎበዝ ነበር፤ ግን የናፍጣ መግዣ እንኳ አልነበረውም» ሲል ጨመረልኝ። ዛሬ ይኼ «ቴክኒሽያን» የሰው ባጃጅ እየነዳ በቀን ገቢ ያስረክባል። ባጃጇ ስትበላሽ ወዴት እንደሚወስዳት ጠየቅኩት። ሳቀ። «ረዳቱ ልጅ ጋ» አለኝ።

አያችሁልኝ? እጅ ያለው ወረቀት የለውም፤ ወረቀት ያለው እጅ የለውም። ይህን ጉድ ያመጣው የልጆቹ ስንፍና አይደለም። የመንግሥት ሥራ ነው!

የወደቀ መጠጊያ

እስኪ ከሥሩ እንጀምር። ሙያ በዚህ አገር የተናቀው ዛሬ አይደለም። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባችውም በዚያው ዘመን ነው። መኪናዋ ገባች፤ ንቀቱ ግን አልወጣም። ሩቅ ሳንሄድ እዚያው ጂንካ ዙሪያ በአሪ ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው «ማና» እየተባለ ከገበሬው ጋር እንዳይጋባ፣ አብሮ እንዳይበላ ተደርጎ የኖረ ነው። ማረሻውን የሚሠራለት ግን እሱ ነው!

ዘመናዊው መንግሥታችን ይህን ንቀት አፈረሰው? አልሸሹም ዞር አሉ! ንቀቱን በፈተና ውጤት አደሰው እንጂ። በፊት አሥረኛ ክፍል ላይ ነጥብ ያነሰው ነበር ወደ ቴክኒክና ሙያ የሚገፋው። አሁን ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ላይ ነው። በ2014 የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት ውስጥ የማለፊያ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ። ለቀሩት መቶ ሺዎች ምን ተባለ? «ሙያ ተማሩ!» ሙያ መልካም ነው፤ ግን ለወደቀ ብቻ የሚታዘዝ መድኃኒት ሲሆን ልጁም ይንቀዋል፣ ወላጁም ያፍርበታል፣ በጀት መዳቢውም የተረፈውን ይጥልለታል። በቴሌቪዥን «ሙያ ክብር ነው» የሚሉን ሹማምንት ከልጆቻቸው ስንቱን አውቶሞቲቭ አስገቡ? አንድ እንኳ ይጥሩልን!

ከጀርመን የቀዳነው

የቴክኒክና ሙያ ሥርዓታችን ሲቀረጽ ጀርመኖች እጃቸው ነበረበት። «የትብብር ሥልጠና» የሚባለው ነገር የመጣው ከዚያ ነው። 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ ይሁን ተባለ። ሐሳቡ ግሩም ነው። በጀርመን አንድ የመኪና ሙያ ተማሪ መጀመሪያ የሚፈራረመው ከጋራዡ ጋር ነው። ሦስት ዓመት ተኩል በደመወዝ እየሠራ ይማራል፤ ትምህርት ቤት የሚሄደው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው። ከበላዩ የተመሰከረለት ባለሙያ አለ።

እኛ ወረቀቱን ቀዳን። ጋራዡን ግን መቅዳት አልቻልንም! ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ባለች ጂንካ 70 በመቶው ተግባር የት ይደረግ? አንድ ክሪክና ግማሽ ደርዘን መፍቻ ያለው፣ ዛፍ ሥር የሚሠራ ባለጋራዥ ሃያ ሰልጣኝ ምን ያድርግ? «ተቀብለሃቸዋል» የሚል ቅጽ ላይ ይፈርማል፤ ልጆቹ ያዩለታል፤ ይሄዳሉ። ሪፖርቱ ላይ ግን «100 በመቶ ተሳክቷል» ይባላል። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ!

አራት ቋንቋ ለአንድ ቁራጭ

ሌላውን ጉድ ልንገራችሁ። የደቡብ ኦሞ ልጅ ቤቱ የሚናገረው ሐመርኛ ወይም አርኛ ወይም ዳሰነችኛ ነው። አማርኛ ሁለተኛው ነው። የሙያ ደረጃው ሰነድ የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ጋራዥ ሲገባ ደግሞ የጣልያን ወረራ ትቶልን የሄደው ቋንቋ ይጠብቀዋል፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ጓርኒሲዮን! ሃንድአውቱ ላይ «ጋስኬት» ብሎ ያጠናውን ቁራጭ አለቃው «ጓርኒሲዮን አምጣ» ሲለው ይደነግጣል። ለአንዲት ሞተር ውስጥ ለምትገባ ስስ ቁራጭ አራት ቋንቋ መሻገር አለበት ማለት ነው። ረዳቱ ልጅ በአንድ ቀን የሚያውቃትን ነገር ኮሌጅ የገባው በሴሚስተር አያውቃትም። ይህን በአማርኛ ጽፎ፣ የጋራዡን ስም ከጎኑ አስቀምጦ፣ በሥዕል አስደግፎ ማዘጋጀት ምን ያህል ይከብዳል? ለስብሰባ አዳራሽ ባነር ከሚወጣው ይበልጣል?

ከሞኝ ደጃፍ

ጥር 2003 ዓ.ም. የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጂንካ ላይ በተከበረው የአርብቶ አደሮች ቀን ስለ ስኳር ልማቱ ትልቅ ተስፋ ተናገሩ። የኦሞ ኩራዝ ፕሮጀክት መጣ። ዶዘሩ፣ ትራክተሩ፣ ገልባጩ ጎረፈ። እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። ከእነዚያ ሁሉ ማሽኖች ሥር ገብቶ፣ ተምሮ፣ መካኒክ ሆኖ የወጣ ስንት የቦዲ ልጅ አለ? ስንት የሙርሲ? ስንት የኛንጋቶም? መሬቱ ከተወሰደበት፣ ወንዙ ከተገደበበት ሕዝብ መሐል ሃምሳ መካኒክ ማውጣት ከአቅም በላይ ነበር?

ዛሬም ያው ነው። ነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቢሮዎቹ በተለያዩ ከተሞች ተደልድለው ጂንካ አንዷ መቀመጫ ሆነች። ቢሮ ሲመጣ መኪና ይመጣል። ታዲያ መኪናው ሲታመም የት ይታከማል? አንድ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ያጫወተኝን ልንገራችሁ። ላንድክሩዘሩ ዘይት ሊቀይር ሌላ ከተማ ይነዳል፤ ሹፌሩ አበል ይበላል፤ መንገድ ላይ የአለቃው ዕቃም ይጫናል። ለዘይት ቅየራ! የተመረቀው ልጅ ባጃጅ እየነዳ ያንን ላንድክሩዘር በዓይኑ ይሸኘዋል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ አባቶች።

ብርቱካናማው ገመድ

ይኼ ሁሉ ሳይቀና ሌላ አዋጅ መጣ። ጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አቶ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንደማይገባ አስታወቁ። ነዳጅ በዶላር የምትገዛ አገር እንዲህ ብታስብ አልፈርድም። ግን የሚጠግነውን ማን አሠለጠነው? ካርቦራተር የሚፈታ ሰልጣኝ ላይ ባትሪ ጫኑበት!

ጉዳዩ የዋዛ አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና ከሥሩ ብርቱካናማ ቀለም ያለው ወፍራም ገመድ አለው። በዚያ ገመድ የሚያልፈው ኃይል እንደ ድሮው ባትሪ 12 ቮልት አይደለም፤ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። ለይቶ ያላጠፋ፣ ጓንት ያላጠለቀ፣ ያልተማረ ሰው ከነካው ይገድላል። ያ ሳሙና የጠየቀው ልጅ አንድ ቀን እንዲህ ያለ መኪና ሥር መግባቱ አይቀርም። እምቢ አይልም፤ እምቢ ማለትን ማንም አላስተማረውም። ያን ቀን ሬሳውን ስናወጣ «ፈቃድ አልነበረውም» ልንል ነው?

ምፀቱ ደግሞ ምን መሰላችሁ? 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ ሦስት የተገነባው በዚሁ በኦሞ ወንዝ ላይ ነው። ታኅሣሥ 2009 ተመርቋል። ከግድቡ በታች ውሃው በሚያልፍባቸው መንደሮች ግን ዛሬም በኩራዝና በጨረቃ የሚያመሽ ሰው ሞልቷል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

እንዲህስ ቢደረግ?

«መተቸት ቀላል ነው፤ መፍትሔው የታለ?» የሚሉ አይጠፉም። እንግዲህ መፍትሔው አፍንጫቸው ሥር ነው።

አንደኛ፣ በዚያ አካባቢ ትልቁ ባለመኪና ራሱ መንግሥት ነው። የቢሮዎቹ፣ የዞኑና የወረዳዎቹ መኪኖች ሰርቪስ ጂንካ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ይደረግ። ለአበልና ለመንገድ ናፍጣ የሚወጣው ገንዘብ መሣሪያ ይገዛል፤ ጥሩ መካኒክም ይቀጥራል። ሰልጣኙ የሞተ ሞተር ከብቦ ከሚቆም ሕይወት ያለው ላንድክሩዘር ይፍታ። ያኔ 70 በመቶው ተግባር ቦታ አገኘ ማለት ነው። ጀርመን መሄድም አያስፈልግም።

«ሰልጣኝ የመንግሥት ንብረት ያበላሽብናል» ሊሉን ይችላሉ። ሰልጣኝ ብቻውን ፍሬን ይፍታ ያለ የለም፤ ፈርሞ የሚረከብ አንድ የበቃ አለቃ ይኑር ነው የምንለው። ደግሞስ የመንግሥት መኪና እስከ ዛሬ ያበላሸው ሰልጣኝ ነው እንዴ?

ሁለተኛ፣ እንደ ረዳቱ ያሉ ልጆች ይመዘኑ። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሙያውን የትም ይማረው የት፣ የቻለ ሰው ተመዝኖ የብቃት ማረጋገጫ ማግኘት ይችላል ይላል። ይህን መብት ልጁ አያውቅም። «ለተማሩት ነው» ያለኝ ስላልነገሩት ነው። መዛኞቹ ልጁን ቢሮ ከሚጠብቁ ጋራዥ ሄደው ይመዝኑት። የጎደለውን ኮሌጁ በማታ ያሟላለት።

ሦስተኛ፣ መማሪያው ሰው በሚገባው ቋንቋ ይጻፍ። አራተኛ፣ ብርቱካናማው ገመድ የሰው ሕይወት ሳይበላ ለጋራዥ ልጆች ሁሉ ቢያንስ «ይኼን አትንኩ» የሚል ሥልጠና ይሰጥ። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ከ2014 ጀምሮ በስሙ «ክህሎት» የሚል ቃል ተሸክሟል። ቃሉን ከታፔላው ላይ አውርዶ ጂንካ ድረስ ያምጣልን።

ይህን የምጽፈው ለመካኒኮች ብቻ አዝኜ አይደለም። ከቀይ አፈር ወደ ወይጦ ቁልቁለቱን የወረደ ሰው ይገባዋል። ኢሱዙው ሰውና ፍየል ጭኖ ሲምዘገዘግ ነፍሳችሁን የያዘው ፍሬኑ ነው። ፍሬኑን ያሠረው ማን ነው? ወይ ያላየውን በወረቀት ያጠና፣ ወይ ያየውን በግምት የሚሠራ። እናቶቻችን በዚያ መኪና ላይ ናቸው።

ያ ልጅ ዲመካ ላይ ሲወርድ ሹፌሩ ሃምሳ ብር ሊሰጠው እጁን ዘረጋ። ልጁ አልተቀበለም። «ሳሙናው የእናታችን ነው፤ ለሳቸው ስጣቸው» አለና ለሹፌሩ አንድ ነገር አስጠነቀቀው፦ «ነገ በትክክል አስበይደው። ሳሙና ሩቅ አያስኬድም።»

እኛም ለመንግሥት የምንለው ይህንኑ ነው። ሳሙና ዲመካ ድረስ ያደርሳል። ከዚያ ወዲያ አገር አያስኬድም!